ሀዚም ያለ ጡጦ

የጥርስ ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ ጓንቱን አወለቀ። ሀዚም እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ጥጥ በነከሰ አፉ ይንሰቀሰቃል። ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከላይ ያሉት የፊት ጥርሶቹ በስብሰው ስለነበር ተነቀሉ። ሲነቀሉ እጆቹን ይዛለት የነበረችው እህቱ ኡመይማ ናት።

«የወተት ጥርስ አይደል? መውደቁ ላይቀር» አለች እናታቸው መርየም፣ ራሷን ለማጽናናት ያህል።

«እስኪወድቅ ድረስ ይበላበታል፣ ያወራበታል። ሲመረቅዝ ደግሞ እንዲህ ያሰቃየዋል» አለ ሐኪሙ ለስለስ ብሎ። «ጡጦ ይዞ ነው የሚተኛው?»

«አዎ። ስኳር ያለው ወተት።»

«እንቅልፍ ሲወስደው ምራቁ ይቀንሳል፤ ጣፋጩ ጥርሱ ላይ ያድራል። መንጋጋዎቹም ነጭ ነጭ ምልክት ጀምረዋል፤ እነሱን ግን ገና ማዳን ይቻላል። ከእንግዲህ ለእንቅልፍ ከውሃ በቀር ምንም አትስጡት። ጠዋትና ማታ የሩዝ ፍሬ በምታህል የጥርስ ሳሙና እናንተው ቦርሹለት።»

በማግስቱ መርየም ኮምቦልቻ ወዳለው የጨርቅ ሱቋ ወረደች። ኡመይማ ከትምህርት ቤት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ስትመለስ ሀዚም እያለቀሰ ነበር፤ የቀን እንቅልፉ መጥቷል። አያቷ እማ ጣይባ ጡጦውን ወተት ሞልተው ስኳሩን ሲበጠብጡ አገኘቻቸው።

«እማ፣ ሐኪሙ እኮ ከልክሏል።»

«ሐኪሙ የልጁን ለቅሶ መች ይሰማል? ዛሬን ብቻ። አንቺም ፋታ አግኝተሽ ለነገው ፈተና ታጠኛለሽ።»

ኡመይማ እማ ጣይባን ተቃውማ አታውቅም። ሀዚም ጡጦውን ከያዘ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ እሷም ሒሳቧን ትሠራለች። እናቷም አትሰማም።

ሀዚም ጡጦውን ሲያይ እጁን ዘረጋ። ከንፈሩ ሲከፈት ያበጠው ድዱ ታየ።

«እማ፣ እባክዎ አንዴ አፉን ይዩት።»

«አላይም። ሆዴ አይችልም።»

«እኔ ሲነቀል አይቻለሁ። ወላሂ፣ ዳግመኛ እጁን መያዝ አልችልም።»

እማ ጣይባ ጎንበስ ብለው የልጁን ከንፈር በጣታቸው ከፍ አደረጉና ቶሎ ለቀቁት።

«ያ ረቢ!» አሉ። ጡጦውን ግን አላስቀመጡም።

ኡመይማ ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደችው። አጥባ ንጹሕ ውሃ ሞላችበት። ሀዚም ቀመሰና ወረወረው፤ ጩኸቱ ሰፈሩን አናጋው።

«ይኸው፣ እንዲህ ሲያለቅስ ሊውል ነው?» አሉ እማ ጣይባ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ይለምዳል፣ እማ። አብሽሩ።»

አሮጊቷ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ልጁን የኡመይማ ጀርባ ላይ አድርገው አጥብቀው አሰሩላት።

ኡመይማ ወደ ግቢው ወጣች። ሀዚም ጀርባዋን በጡጫ እየደበደበ ያለቅሳል። የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው አዩዋት። ከጦሳ ተራራ ጉም እየወረደ ነበር። ልጁን እስከ አንገቱ ሸፈነችውና ከግድግዳው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው «እሽሩሩ» እያለች መመላለስ ጀመረች።