ከልምምድ ክፍሉ ደረጃ ሥር

መርማሪዋ ስትደርስ ገምጋሚው መምህር ደረጃው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሟል። ጎንበስ ብላ ቀኝ እጁን አየች፤ ጣቶቹ የጠመኔ ዱቄት ለብሰዋል።

«ገምጋሚ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል እንዴ?» አለች።

«ኧረ የት፣ እመቤቴ!» አላት የኮሌጁ ጥበቃ። «ከኋላ ተቀምጦ ያያል። ሲያበቃ በምላሱ ይሸነቁጣል።»

በዚህ የክርስቲያን ኮሌጅ የመምህርነት ፈቃድ የሚሹ ሁሉ ሟቹን ይፈሩታል። ልምምዳቸውን አይቶ «በቅተሃል» ካላለ ማንም ክፍል ይዞ አያስተምርም። ያን ቀን የተገመገመችውን፣ ጓደኞቿ «እሾህ» የሚሏትን እጩ፣ ሁለት ጊዜ ጥሏታል። ሦስተኛው የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

«ምን አለሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«አንዲት ቃል አልተናገረኝም።»

«ሁለቴ የጣለሽ ሰው ዝም ብሎ ሸኘሽ?»

«ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ካላመኑኝ ለምን ያደርቁኛል?»

የኮሌጁን ዲን ግን ቃል አልቸገረውም። ረፋዱን ስብሰባ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ መመለሱን ነገራት። «ቢሮዬ ሆኜ ሰማሁ» አለ መጽሐፍ ቅዱሱን እየደባበሰ። «መምህሩ ልጅቷ ላይ እንደ ነጎድጓድ ይጮህ ነበር። ‹አትረቢም፣ ውጪልኝ!› ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ የሚንከባለል ነገር... እግዚአብሔር ይቅር ይበላት።»

አጠገቡ የተቀመጠው ልጁም እጩ መምህር ነው። «አባዬ፣ እሷ እንዲህ አታደርግም» አለ።

«ዝም በል አንተ! ማን ጠየቀህ?»

መርማሪዋ ሰውየውን ጠላችው። ጥላቻ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ስለዚህ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስቱ ግቢ እንኳ ሳትላት በር ላይ አቆመቻት።

«ኮሌጁ ነው የበላብኝ! ጉሮሮው አብጦ ከጠዋት ጀምሮ ትንፍሽ ማለት አቅቶት ነበር። ‹ተኛ› ስለው ‹የልጅቷ ፈተና ነው› ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ አሳይቶኝ ወጣ። በቃሽ፣ ሂጂልኝ አሁን!»

አስከሬኑን ያየው ሐኪምም የጉሮሮውን ማበጥ አረጋገጠላት።

በማግስቱ ሁሉንም ልምምድ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሾህና ዲኑ ጎን ለጎን እንደ እሳትና ጭድ ተቀመጡ።

«ሟቹ ወደፊት ነው የወደቀው» አለች መርማሪዋ። «ከኋላ ተገፍቷል። ከደረጃው አናት ደግሞ ሁለት በር ብቻ አለ፤ የዚህ ክፍልና የዲኑ ቢሮ።» ወደ እሾህ ዞረች። «ሰሌዳው ላይ ምን ጻፈልሽ?»

ልጅቷ ክው አለች። «‹አሁን አስተማሪ ሆነሻል› ብሎ ጻፈ። ወዲያው አጠፋው። ሁለቴ የጣለኝ ሰው አሳለፈኝ ብል ማን ያምነኛል? ዋጥኩት።»

«ጣቶቹ ይመሰክሩልሻል። ካሳለፈሽ የምትገፊበት ምክንያት የለሽም። የጻፈልሽም ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር ነው። የተከበሩ ዲን፣ እርስዎ የሰሙት ነጎድጓድ ታዲያ ከየትኛው ሰማይ መጣ?»

«ምናልባት... የሌላ ሰው ድምፅ ይሆናል።»

«ትናንት ‹በጆሮዬ ሰማሁ› ብለውኛል። ለልጅዎ ሲሉ ዋሹ እንዳልል፣ ልጅዎ ያን ሰዓት ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወት ነበር። የዋሹት ለራስዎ ነው። ከኋላው መጥተው ገፉት፤ ቃል ስላልተለዋወጣችሁ ድምፅ እንደሌለው አላወቁም።»

ዲኑ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። «ልጄን ሊጥለው ነበር! ለአንዲት ጥፊ! በልምምድ ላይ አንድ ሕፃን በጥፊ መታ ተብሎ ፈቃድ ይከለከላል? ከአያት ጀምሮ አስተማሪ የወጣበት ቤት ነው የእኛ! ባለፈው ሳምንት ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲወርድ ሳየው...»

«ቂም ይዞ ጸሎት» አለች እሾህ በጥርሷ መሃል።

ልጁ ከመቀመጫው ተነሳ። «እምቢ ያስባልኩት እኔ ነኝ። ያ ሕፃን ሲያለቅስ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ‹ለማስተማር አልሆንም፣ ይጣሉኝ› ብዬ መምህሩን የለመንኩት እኔ ነኝ። ላንተ መንገር ፈርቼ ነው፣ አባዬ።»

ዲኑ የልጁን ትከሻ ሊይዝ ፈልጎ ሊሆን ይችላል፣ እጁን ዘረጋ። ልጁ ግን እንደለመደው ፊቱን በክንዱ ከለለ።

መርማሪዋ ካቴናውን ያጠለቀችው በዚያው በተዘረጋው እጅ ላይ ነበር።