የመልህቁ ሰንሰለት

ሻምበል በንቲ መካኒሳ ሲደርስ የአቶ ለታ ሮበሌ አስከሬን ገና ከሥራ ክፍሉ አልወጣም ነበር። ክፍሏ ጓሮ ውስጥ ለብቻዋ የቆመች፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት የጭቃ ቤት ናት። ሟቹ ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልባት የሽቦ አልጋ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኝቷል፤ ፊቱ ከወትሮው ከመቅላቱ በቀር የሞተ አይመስልም። ከራስጌው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ባለ ሦስት ምሰሶ ትንሽ መርከብ ሸራዋን ሁሉ ዘርግታ ቆማለች። ነፋስ በማይገባበት ክፍል ወዴት ልትሄድ እንደተሰናዳች እንጃ። ሻምበሉ ብዙ ሬሳ ያየ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ከሬሳው ይልቅ መርከቧን ማየት ከበደው።

ለታ ምጽዋ ወደብ ላይ የመርከብ አናጢ ሆኖ ኖሮ፣ ሲደክመው ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ። ባሕሩን ትቶ ቢመጣም ባሕሩ አልተወውም። ፕላን እያፈላለገ የድሮ ባለሸራ መርከቦችን አሳንሶ ይሠራ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቱ ግማሹ ይስቅበታል፣ ግማሹ ይፈራዋል።

የሰፈሩ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር የጠበቀው። ሚስቱ ወይዘሮ ቡዜ ገበያ ስትሄድ የከሰል ማንደጃውን ሳታዳፍን ትታ ሄደች፤ ብርድ ይዞት ስለነበር እሳቱን ወደ ክፍሉ አስገባ፤ መስኮቱን ዘግቶ ሲሞቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጭሱ አፈነው። ከጣቢያ የመጣው ወጣት ፖሊስም በቸልተኝነት ሰው ገድላለች ብሎ ሊያስራት ቸኩሏል። ከሁሉ የሚከፋው እሷም ማመኗ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለችው ሻምበሉን፣ ገና ሳይጠይቃት።

«ሌላ ጊዜስ እሳት ያስገባ ነበር?»

«ሸራውን ከሰቀለ ወዲህ ክብሪት እንኳ አያስጭርም። ጭስ ያጠቁርብኛል ይላል። መሐሙድ ሲጋራውን ደጅ ነው የሚያጤሰው። ብርዱ ቢብስበት ነው እንጂ…»

በሩን እንደከፈተች ማንደጃውን አንስታ ወደ ግቢው መወርወሯንና ከዚያ ወዲያ ያየችው ነገር እንደሌለ ነገረችው። ሻምበሉ አላጽናናትም። ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ሲመለከት የተገለበጠች ጣሳ አገኘ። አፏ ላይ የተጣበቀውን ቡናማ ቁራጭ በሰንጢ ሰነጠቀው፤ ላዩ ቀልጧል፣ ውስጡ ግን እንደ ድንጋይ ደርቋል። ለማንም ሳይናገር ጣሳዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ቀጥሎ ያነጋገረው መሐሙድ ኑሪን ነው። መርካቶ ክር የሚሸጥ፣ የሟቹ የልብ ወዳጅ። የመርከቧን ፕላን ምጽዋ ካለ ዘመዱ ተውሶ ያመጣለት እሱ ነበር፤ ዘመዱ ፕላኑን መልስ ብሎ መሐሙድን ሲወተውተው ለታ እምቢ በማለቱ ሰሞኑን በር ላይ ተጯጩኸዋል። በዚያ ላይ በዕለቱ ክር አድርሶ ስለሄደ ለታን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ሰው ሆነ። መሐሙድ አንዱንም አልካደም። ሻምበሉ ግን ስለ ጠቡ ብዙም አልጠየቀው፤ መርከብ ከጣውላው እስከ ሸራው እንዴት እንደሚሠራ ነው ያስተረከው።

ነጋ የቡዜ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው። ቁርጥራጭ ነሐስ እየሰበሰበ ይሸጣል፤ ለታ የመርከቧን መድፎችና መልህቅ አቅልጦ የሠራው እሱ ካመጣለት ነሐስ ነበር። እህቱን ደግፎ ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል።

«ክረምት ላይ ተቀያይመን ደጁን ከረገጥኩ ቆየሁ» አለ። «ያው ኮላ ሲያፈላ ነዋ የሞተው። ያቺን ጣሳ መቼ ከእሳት ያወርዳታል? እህቴን ተዉልኝ ጌታዬ፤ ረስታ ነው እንጂ ሆን ብላ አይደለም።»

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። ተመልሶ ገብቶም መርከቧን በዝግታ ዞራት። ሁሉ ነገሯ ያለቀ ነው፤ መልህቋ ብቻ በተራ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። የጠረጴዛውን መሳቢያ ሲከፍት በታጠበ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን የነሐስ ሰንሰለት አገኘ። ጫፉ ላይ የጥፍር ያህል ቃጭል ነበረች።

ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንዳለ፣ ሦስቱን ወደዚያች ክፍል ጠራቸውና በሩን ዘጋ።

«ሰፈሩ በሙሉ ለታ እሳት ሲሞቅ ሞተ ይላል» ብሎ ጀመረ። «ኮላ ሲያፈላ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጣሳዋን ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ወይዘሮ ቡዜ እንኳ አላዩዋትም።»

ነጋ ወደ ተዘጋው በር ዞር ብሎ አየ።

«መሐሙድ፣ ኮላ እንዴት ነው የሚፈላው?»

«ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል። ለታ ሳይዘፈዝፍ ጥዶ አያውቅም» አለ መሐሙድ። «ደግሞም ኮላ ለጣውላው ነው። ጣውላው ካለቀ ቆየ። የቀረው ገመዱ ነው፣ ገመድ ይታሰራል እንጂ አይጣበቅም።»

«እንግዲያው እሳቱን ያስገባው ለታ አይደለም። ኮላው ደረቁን ነው የተጣደው። ያስገባው ሰው ሥራው እዚህ መድረሱን አያውቅም፤ እሳት መከልከሉንም አልሰማም። እናንተ ሁለታችሁ ታውቃላችሁ። ከክረምት ወዲህ ያልመጣ ሰው ነው የማያውቀው። እህቱ ገበያ መሄዷን፣ ለታ መተኛቱን አይቶ ማንደጃዋን አስገባ፣ ለማስመሰል ጣሳዋን ጣደ፣ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።» ጨርቁን ፈታው። «ይህን ሰንሰለት ማን አመጣው ወይዘሮ ቡዜ?»

«ነጋ ነው በእኔ የላከለት» አለች ድምፅዋ እየሟሸሸ። «ስንት ጊዜ የፈለገው ነው፣ ደስ ብሎት መልህቁ ላይ አሰረው። ቃጭሏን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። ፈታው፣ እጁን ታጠበ፣ ‹ወንድምሽን ጥሪልኝ› አለኝ። ጠራሁት፤ አልመጣም።»

«ቄሱ የሚያጥኑበት የጽና ሰንሰለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ።»

ነጋ አንገቱን ደፋ። «ለእሑድ ካልመለስክ ለቄሱ እነግራለሁ ብሎ ላከብኝ» አለ ቀስ ብሎ። ሰንሰለቱን የሸጠለት ሌላ ሰው መሆኑንም ጨመረ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ሻምበሉ ወደ ቡዜ ዞረ። «እርስዎ ላይ ምንም ጥፋት የለም።»

እሷ ግን የምታየው ወንድሟን ነበር።

«እኔ ገደልኩት ብዬ ፊቴን ስነጭ እጄን የያዝከኝ አንተ ነህ» አለችው። «‹እግዜር ይቅር ይልሻል› አልከኝ።» ከዚያ ወደ ሻምበሉ ዞረች። «እኔ ብሆን ይሻለኝ ነበር ጌታዬ።»

ሻምበሉ ካቴና ሳያስርበት ነጋን ክንዱን ይዞት ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ገና ምንም አልሰሙም። ነጋ በአጠገባቸው ሲያልፍ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ትከሻውን ያዙት።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉት።

«አሜን» አለ ነጋ።