አባቴን የሰማው ሰው

እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ለመምህራን በተሰጠው የሰላም ትምህርት ሥልጠና አሠልጣኟ «ጓደኛችሁ ሲናገር ዝም ብላችሁ ትሰማላችሁ። ከዚያ የሰማችሁትን ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ፣ ሳትፈርዱ ትመልሱለታላችሁ» ስትለን በልቤ ወይ ጉዴ አልኩ።

የደረሰኝ ጓደኛ ከደምበጫ የመጣ ረዘም ያለ መምህር ነበር፤ ይታያል ይባላል። መጀመሪያ እሱ ተናገረ፤ ሦስት ጊዜ አቋረጥኩት። በአራተኛው ሳቀ። ያ ሳቅ... እኔን የጨረሰኝ እሱ ነው።

ተራው የእኔ ሆነ። ያስቆጣችሁን ነገር ተናገሩ ስለተባልን የአባቴን ጉዳይ አነሳሁ። አምበር ከተማ አጠገብ ካለው ማሳችን ጋር የሚዋሰን ሰው የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ መሬታችንን እንደገፋ፣ አባቴ ቢጠይቀው በሰው ፊት «ውሸታም» ብሎ እንዳዋረደው፣ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሁለቱ ለቅሶ ቤት እንኳ አብረው እንደማይቀመጡ ነገርኩት። የሰውየውንም ስም ጠራሁ፤ ገዳሙ ነው አልኩት።

ይታያል በልጅነቱ ከቀዬው ወጥቶ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ቃል በቃል መለሰልኝ። ስሙ ላይ ሲደርስ ብቻ ድምፁ ዝቅ አለ። እኔ ደግሞ ለእኔ አዝኖ መስሎኝ ልቤ ቅልጥ አለ!

ከዚያ በኋላማ ስልካችን አላረፈም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን የየትምህርት ቤታችንን እናወራለን። ተማሪ ሲጣላ ጆሮውን ይዤ «ይቅር ተባባሉ» እል የነበርኩት መምህርት፣ ልጆቹን አስቀምጬ እርስ በርስ እንዲደማመጡ ማድረግ ጀመርኩ። በዓመቱ ይታያል ሽማግሌ ላከ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ቁጭ በሉ እስኪባሉ ቆመው ጠበቁ። አባባ ደስ ብሎት አስቀመጣቸው። ዝምድና እንዳይኖር ዘር ተቆጠረ፤ የእኛም የእሱም። የይታያል አባት በሕይወት እንደሌለ ሲነግሩት አባባ ታዲያ እንደ አባት ሆኖ የሚቆመው ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

«አጎቱ ናቸው። አያ ገዳሙ።»

አባባ አልጮኸም። ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለና በሩን አሳያቸው።

እኔ ወዲያው ደወልኩ።

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ።»

«እና ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ?»

«ያን ቀን አትጨምሩ ተብለን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን... ፈራሁ የኔአለም። እንዳላጣሽ ፈራሁ።»

ስልኩን ዘጋሁበት። ሰላም አስተምራለሁ የሚል ሰው እንዴት እውነት ይፈራል? ተጫወተብኝ ብዬ አለቀስኩ። አባባም ከፈለግሽው ሂጂ፣ እኔ ግን አልመርቅሽም አለኝ። ያለ አባቴ ምርቃት ደግሞ ከቤት አልወጣም፤ አልችልም። ለእኔ ነገሩ አብቅቶ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ይታያል ብቻውን በራችን ላይ ቆመ። በእኛ አገር ልጅ የሚጠይቅ ሰው ራሱ አይመጣም፤ ነውር ነው። አባባ ዱላውን አነሳ።

«ልጅዎን ልጠይቅ አልመጣሁም» አለው። «እርስዎን ልሰማ ነው። አጎቴ ያደረሱብዎትን በደል ይንገሩኝ። አልከራከርዎትም።»

አባባ ቆሞ ጀመረ፣ ተቀምጦ ጨረሰ። ከብቶቹ ከመስክ እስኪገቡ ድረስ ተናገረ። ይታያል አንዴም አላቋረጠም። ከዚያ ሁሉንም መለሰለት። «በልጆቼ ፊት ውሸታም አለኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ አባባ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ስንት ሽማግሌ መጣ» አለ። «ሁሉም ተወው ይለኛል እንጂ ማንም አልሰማኝም ነበር።»

እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ኮራሁ! ይኼ ሰው የእኔ ነው አልኩ።

ልሸኘው ወጣሁና ለምን ቀደም ብለህ አልመጣህም ብዬ ጠየቅኩት።

«ለሌላ ሰው ማስተማር ይቀላል» አለኝ።

ከእኛ ቤት በቀጥታ ወደ አጎቱ ሄደ። እዚያም ቁጭ ብሎ ሰማ፤ ሁለት እሑድ ፈጀበት።

በሦስተኛው እሑድ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጣ። አያ ገዳሙ በማሳው ዳር፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎብጠው እየመጡ ነበር። በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ መሸከሙ የአገሩ ደንብ ነው፤ ከመንገድ የተነሳ ማንኛውም ድንጋይ ይበቃል። እሳቸው ግን ያንኑ የድንበሩን ድንጋይ ነበር የተሸከሙት! አንድ ጎኑ የተሰነጠቀውን፣ አያቴ ያቆመውን። አባባ ከሩቅ አወቀው። ይታያል ሊያግዛቸው ቢል እኔው ነቀልኩት፣ እኔው እመልሰዋለሁ ብለው ከልክለውታል።

«ደምለው» አሉት አባባን በስሙ ጠርተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ውሸታሙ እኔ ነበርኩ።»

አባባ ሮጠ። በሁለት እጁ ድንጋዩን ከአንገታቸው ላይ አነሳ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አያ ገዳሙ።»

አባባና አያ ገዳሙ አንድ ላይ ተሸክመው ወሰዱና ከጥንት ቦታው ተከሉት። ያኔ ነው አባባ አፈሩን ከእጁ እያራገፈ ወደ ይታያል ዞሮ ሽማግሌዎችህን ላካቸው ያለው።

በጥር ተጋባን። ምርቃቱን አባባ ሰጠ፤ አሜን ሲባል የአያ ገዳሙ ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ ነበር።

አሁን እኔና ይታያል አብረን መምህራንን እናሠለጥናለን። ባለፈው ደብረ ማርቆስ ላይ አባባ ልይ ብሎ መጣና ከኋላ ተቀመጠ። ይታያል «ጓደኛችሁ ሲናገር ዝም ብላችሁ ትሰማላችሁ» ብሎ ገና ሲጀምር፣ አባባ አጠገቡ ላለው መምህር ጮክ ብሎ ሲናገር ተሰማ።

«ያ የምታየው ልጄ ነው። እኔን የሰማኝ እሱ ነው።»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ዝም በል ማለት የእኔ ሥራ ነበር። አላልኩትም።