መስመሩ የታጠፈበት

«አትጋፉ፣ ወረቀቱ ይቀደዳል» አለ ዘበኛው። የሰማው አልነበረም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አዲስ የምደባ ካርታ በትምህርት ቤቱ የብረት በር ላይ የተለጠፈው ገና የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ከቀዩ መስመር በላይ ያለ ቤት ልጆቹን እዚሁ፣ የላይኛው ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከመስመሩ በታች ያለው ግን ከመጪው ዓመት ጀምሮ ወደ ታችኛው ይልካል፤ ታችኛው ደግሞ ከትልቁ አስፋልት ማዶ ነው።

የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ በሰው መሀል ሾልካ ፊት ወጣች። ነገር ሳትጠይቅ ስለማታልፍ እናቷ ገና በልጅነቷ «መርማሪዋ» ብላ ስም አወጣችላት፤ ሰፈሩም በዚያው ቀጠለ። ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ አድርጋ ተከተለችው። መንገዱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርድና እነሱ ቤት አካባቢ ሲደርስ እጥፍ ይላል፤ አራት ቤቶችን ወደ ላይኛው ወገን ያስገባና ተመልሶ መንገዱን ይይዛል።

«እዚህ ጋ ለምን ታጠፈ?» አለች።

«የት ጋ?» አለ ከኋላዋ የቆመው ሹፌር። ሦስቱም ልጆቹ ከመስመሩ በታች ወድቀውበት ፊቱ ጠቁሯል። «እነማን ናቸው እዚያ ውስጥ ያሉት?»

«አንዱ የእኛ ቤት ነው። አንዱ የጡረተኛዋ ታይፒስት፣ እሳቸው ልጅ የላቸውም። አንዱ ባዶ ቤት ነው። አንዱ ደግሞ የፋርማሲስቱ።» ሰዎች ዞር ዞር እያሉ ሲያዩዋት ደስ አላትና ጨመረችበት። «ወንድማቸው እኮ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠሩት።»

ሹፌሩ ካርታውን ትኩር ብሎ አየ። «ነው እንዴ» አለ ቀስ ብሎ።

የመርማሪዋ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ልብስ ሰፊ ሴት ካርታ ታስቀይራለች ብሎ የሚጠረጥር ስለሌለ የእነሱን ቤት ማንም አላነሳውም። መርማሪዋም ዕድላችን ነው ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩን አዳረሰው። አንዱ ፋርማሲስቱን ከርእሰ መምህሩ ጋር መኪና ውስጥ አየኋቸው አለ። ሌላዋ የለም፣ ወንድማቸው ናቸው ካርታውን በእጃቸው የሳሉት አለች። በሦስተኛው ቀን ራስ ምታት የያዘው ሰው ሁለት ፌርማታ ተጉዞ ከሌላ ፋርማሲ መድኃኒት መግዛት ጀመረ።

ትምህርት ቤት ውስጥ የባሰው ለፋርማሲስቱ ልጅ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ኪኒን» ይሏታል፤ የመርማሪዋ የልብ ጓደኛ ናት። ካርታው ሲለጠፍ ጉንፋን ይዟት ቤት ነበረች። በተመለሰች ቀን አንዱ ጎረምሳ በሩ ላይ ጠብቆ «ኪኒንዬ፣ መስመር የሚያጣምም መድኃኒት አላችሁ?» አላት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መርማሪዋ አልሳቀችም፤ ግን ደብተሯን እንደምትፈልግ ሆና ቦርሳዋ ውስጥ አቀረቀረች።

በእረፍት ሰዓት ኪኒን ከውኃ ቧንቧው ጀርባ አገኘቻት።

«አንቺም ታምኛለሽ?»

«ምኑን?»

«አትቀልጂ። አባዬን ጠየቅሁት። 'አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ' ብሎ ዝም አለ። ካላደረገ ለምን አላደረግሁም አይልም?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ማታ እራት ስንበላ እጁን አያለሁ። በዚህ እጁ ይሆን የተፈራረመው እላለሁ። የገዛ አባቴን እኮ ነው።»

መርማሪዋ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ እጇን ታጠበች። እሷም ብትሆን ተጠራጥራለች። ደወሉ ሲደወል ኪኒን ብቻዋን ቀድማ ሄደች፤ ከዚያ ቀን በኋላም ሌላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች።

ሐሙስ ከሰዓት የመርማሪዋ እናት ኮት እየቆረጠች ነበር። «ጠመኔ አምጪልኝ፣ መሳቢያው ውስጥ አለ» አለቻት። መርማሪዋ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ስትጎትት፣ ከዚፖቹ ስር በአራት የታጠፈ ወረቀት አየች። ዘረጋችው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ መቀበሉን የሚያሳይ የገቢ ማኅተም አለበት፤ ቀኑ ካርታው ከመለጠፉ ሁለት ወር በፊት ነው። የእጅ ጽሑፉን ወዲያው አወቀችው። በታናሽ እህቷ የመድኃኒት ከረጢቶች ላይ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» እያለ ሁልጊዜ የሚጻፈው ያ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ፊደል ነው። የፋርማሲስቱ።

እኛን ሽፋን አድርገው ይሆን? ወይስ ከእማ ጋር አብረው ነው የመከሩት? ቆማ አነበበችው።

«የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በሁለት ክራንች የምትራመድ ስለሆነች፣ በአስፋልቱ ላይ ያለውን የእግረኛ ድልድይ ሃምሳ ስድስት ደረጃ በየቀኑ ወጥታ መውረድ አትችልም። የላይኛው ትምህርት ቤት ግን ሜዳ ላይ...» ከታች የእናቷ ፊርማ ነበር።

«ጠመኔው ጠፋሽ እንዴ?» እናቷ ቀና ስትል ወረቀቱን አየችው። መቀሱን አስቀመጠች።

«እማ፣ እኛ ነን?»

«በሩን ዝጊው።»

መርማሪዋ ዘጋችው። «ሰው እሳቸውን ነው የሚያማው። ኪኒን ክፍል ውስጥ የሚያናግራት የለም።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ። «የእኔ ጽሕፈት ደካማ ስለሆነ እሳቸው ጻፉልኝ። ለማንም አይንገሩ ብዬ ለመንኳቸው፣ ቃላቸውን ጠበቁ።»

«ለምን ደበቅሽው?»

«በልጇ እግር ለመነች እንዲሉኝ ነው? ሕፃኗ ባለፈች ቁጥር ከንፈር ሊመጥጡላት?» ኮቱን ያለ ምክንያት አራገፈችው። «ደግሞ ከታወቀ፣ ለእሷ ከታጠፈ ለእኛም ይታጠፍ ይላሉ። ቢሮው ጭቅጭቅ ሲበዛበት መስመሩን ቀጥ አድርጎ ይገላገላል። ያን ጊዜ ድልድዩን ማን ተሸክሞ ያሻግራታል? አንቺ?»

መርማሪዋ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ወደ መሳቢያው መለሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እናቷ ቀድማ ወጣች፤ መርማሪዋ ታናሿን ይዛ በእርምጃዋ ልክ ተከተለች። ክራንቾቹ ኮብልስቶኑ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

«ስለ እግርሽ ሰው ፊት ቢወራ ይከፋሻል?» አለቻት።

ትንሿ ሳትቆም አሰበችበት። «እግሬን እኮ ሁሉም ያየዋል» አለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰውዬ ስለ ተማሪ ብዛት ሲያብራራ ሹፌሩ ተነሣ። «ቁጥሩ ገብቶናል። ያልገባን እጥፋቱ ነው። ባለ ፋርማሲው እዚሁ ናቸው፣ እሳቸው ያስረዱን።»

ፋርማሲስቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መነጽራቸውን አወለቁ። «የምለው የለኝም» ብለው ተቀመጡ። ጉርምርምታው አዳራሹን ሞላው። ኪኒን ከአባቷ ጎን አንገቷን ደፍታ ነበር።

መርማሪዋ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «እማ፣ አንቺ ትናገሪያለሽ ወይስ እኔ ልናገር?»

እናቷ አልዞረችም። መርማሪዋ እየቆጠረች ጠበቀች፤ ሰባት ላይ ስትደርስ ብድግ ለማለት ወንበሩን ያዘች። እናቷ ግን ትከሻዋን ተጭና መልሳ አስቀመጠቻትና ራሷ ቆመች።

«እሳቸውን ተዉአቸው» አለች። «ያመለከትኩት እኔ ነኝ።» ስለ ደረጃው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ፋርማሲስቱን ስላስገባቻቸው ቃል በአጭሩ ተናገረች። ሰው ሁሉ ወደ ትንሿ ዞረ። ትንሿም መልሳ አየቻቸው።

ሹፌሩ አገጩን አሸ። «የእርስዎስ ይሁን፣ ማንም አይነካውም» አለ። «የእኔ የአንደኛ ክፍሏ ልጅስ? እሷም ያንን አስፋልት ብቻዋን ልትሻገር ነው?» ከዚያ በኋላ ነገሩ ስለ አስፋልቱ ሆነ። ሰውዬው ሁሉንም በደብተሩ ጻፈ፤ መስመሩ እንዳለ ይቆይ አይቆይ ግን ቃል አልሰጠም። «ይታያል» ብቻ አለ።

ውጭ፣ በረንዳው ላይ ኪኒን መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ፈገግ ብላለች። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዷን በመርማሪዋ ክንድ አቆላለፈች።

«አባዬን ይቅርታ ጠየቅሁት» አለች። «ሳቀብኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልበረደልኝ። ማን ነው የጀመረው? አንዱን ስጠይቅ ከሌላው ሰማሁ ይላል። ባገኘው አልለቀውም።»

ሹፌሩ ልጆቹን ይዞ በአጠገባቸው አለፈ። ለመርማሪዋ ራሱን ነቅነቅ አደረገላት። በሩ ላይ ያለችውን ወይ ረስቶታል፣ ወይ ሊያነሳው አልፈለገም። ዝም ብትል እዚሁ ያልቃል፤ ሰኞ ከኪኒን ጋር እንደ ድሮው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

መርማሪዋ ጥቂት እርምጃ አብራት ተራመደች። ከዚያ ቆመች፤ ኪኒን መሄድ ብትፈልግ እንድትሄድ ክንዷን ቀስ ብላ ፈታችላት።

«እኔ ነኝ» አለች።