አንድ እጅጌ የጎደለው ቀሚስ

"ፈጠራ ነው" የምትሉ አትጠፉም። በሉ። በእኔ ባይደርስ እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ... ሱቄ ውስጥ፣ ከስፌት ማሽኔ ፊት ተቀምጬ ነበር።

ፍልቅልቅ እንበላት። አብሮ አደጌ ናት። ድሮ ወሬ ካላት እየሮጠች ትመጣና ገና በር ላይ ሆና "ስሚኝማ አንቺ መርፌ!" ትለኛለች። ደስታዋንም እንባዋንም ከሰው ሁሉ ቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ።

በኋላ ኢንተርኔት ላይ የየቀን ውሎዋን መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ካልኳት "አላነበብሽም እንዴ?" ብላ ታኮርፋለች። እኔም መጠየቅ ተውኩ። እሷም መምጣት ተወች።

እውነቱን ልንገራችሁ... ያን ሁሉ ዝባዝንኬ ማን ያነባል? የልብ ምልክቷን ተጭኜ አልፋለሁ።

ያን ቀን ስልኬ ጮኸ። አዲስ ጽሑፍ።

"ጓደኛዬ የሰፋችልኝን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ ከእናቴ ጋር ምሳ በላሁ። እንዴት እንዳማረብኝ!"

ሳቄ መጣ። ለእሷ የጀመርኩት አረንጓዴ ቀሚስ ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል። ቀኝ እጅጌው ገና አልተገጠመም፤ ተቆርጦ ማሽኑ ላይ ተቀምጧል።

"አይ ውሸታም!" አልኩ ብቻዬን።

ደግሞም... ፍልቅልቅ በሕይወቷ "ጓደኛዬ" ብላኝ አታውቅም።

ፎቶውን ከፈትኩት።

ከአንገት በታች ነው። ፊት የለውም። አንገትጌው ላይ አጣምሜ የሰፋሁት፣ ፈትቼ ላስተካክለው ያሰብኩት መስመር ይታያል። ለጊዜው የያዝኩበት ነጭ ክር እንኳ አልተነቀለም።

ቀኝ ክንዷ ራቁቱን ነው።

ተነስቼ ቀሚሱን ነካሁት። አለ። ጨርቁ ይቀዘቅዛል።

እናቷ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ልጅዎን ያገናኙኝማ።"

"አንቺ ጋ አይደለች እንዴ?"

"ከእናቴ ጋር ምሳ በላሁ ብላ አሁን ጻፈች እኮ!"

ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

"እኔ ምሳዬን ብቻዬን ነው የበላሁት... አንቺ ቤት ነኝ ብላ ጽፋ አልነበር? እኔን ዘወር ብላ ሳታይ ብዬ ተቀይሜ ዝም አልኩ።"

"ድምጿን የሰሙት መቼ ነው?"

"በየቀኑ አነባታለሁ እኮ ልጄ..."

ስልኩን ዘጋሁት።

ወደ ኋላ ሄጄ የቆዩ ጽሑፎቿን አነበብኩ። እውነትም ጽፋለች። "ጓደኛዬ ቤት ነኝ። ስናወራ አደርን።"

ከሥሩ የልብ ምልክት አለ። የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ጻፍኩላት።

"የት ነሽ?"

መልሱ ወዲያው መጣ። ልብ ብቻ።

"እኔን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?"

ልብ።

"አንቺ ማን ነሽ?"

...ልብ።

ሱቄን ቆልፌ፣ እናቷን ይዤ ወደ ተከራየችው ክፍል ከነፍኩ። ትርፍ ቁልፍ ነበራቸው። አልጋው ተነጥፏል። መስኮቱ ላይ የነበረው አበባ ደርቋል። ስልኳ ትራሱ ላይ ነው። ጠፍቷል፣ አቧራ ለብሷል። እናቷ አንስተው በነጠላቸው ጠረጉትና ጨብጠው ያዙት።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው በእኔ ስልክ ገጿን ከላይ እስከ ታች አየና ፈገግ አለ።

"እናቴ፣ ዛሬ ምሳ በልታለች እኮ። የጠፋ ሰው ምሳ ይበላል?"

"ከእኔ ጋር ነው የሚለው!" ጮኹ እናቷ። "እኔ ደግሞ አላየኋትም!"

"ኩርፊያ ይሆናል። ነገ መጻፏ አይቀርም።"

ስልኬን ሲመልስልኝ መዳፌ ላይ ጮኸ። የእሷ ስልክ እናቷ እጅ ውስጥ እንደጠፋ ነው...

አዲስ ፎቶ። ያው ቀሚስ።

አሁን ሁለት እጅጌ አለው።

ሱቄ እንዴት እንደደረስን አላውቅም። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ከፈትኩ።

ማሽኑ ላይ እጅጌው የለም።

ቀሚሱ ቦታው ላይ ተሰቅሏል። እጅጌው ተገጥሟል። በእኔ ክር፣ በእኔ አሰፋፍ...

"እትዬ፣ አይንኩት!" አልኩ በሹክሹክታ።

አልሰሙኝም። አወረዱት። ደረታቸው ላይ አስጠግተው እንደ ሕፃን አቀፉት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ... ይሞቃል እኮ።"