ማንም ያልሰማው አምባሰል

ገዳዩን ያስያዘው ማንም ያልመታው ማሲንቆ ነው። በቃ፣ ጣፋጩን አስቀድሜ አቀመስኳችሁ፤ አላስችል ብሎኝ ነው። አሁን ከሥሩ እንጀምር።

ጋሽ አምሳሉ ሞተው የተገኙት እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ከእትዬ ራዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ኔት ወዳለበት ከተማ እየሄዱ በነጻ የተለቀቀ ትምህርት ያወርዳሉ፤ ሒሳብ በሉት፣ ባዮሎጂ በሉት፣ ታሪክ በሉት፣ ኢኮኖሚክስ በሉት። ከዚያ በአማርኛ ይተርኩትና አንዲት ኮምፒውተር ላይ ይጭኑታል። ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ገልብጦ ይሄዳል፣ ማንም ምንም አይከፍልም። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በከባድ ስታብላይዘር አናቱን የተመታው።

ኮንስታብል እንየው ነገሩን ለመፍታት ሻይ እስኪበርድለት እንኳን አልጠበቀም። በሩ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ያለው ኑርሀያት ጋ ነው፤ ስለዚህ ኑርሀያት ናት። ይኸው ምርመራው አለቀ።

ኑርሀያት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍሏን የምትከፍተውም የምትጠርገውም እሷ ነበረች፤ የአስር ሶላት ሰግዳ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ። ሰኞ ፈተና ይጀምራል። ሰኞ ጣቢያ ከዋለች ፈተናው አለፋት፤ አባቷ ደግሞ «ካለፈች ትማር፣ ካላለፈች ትዳር» ብለው ጨርሰዋል።

ከደሴ የተላከችው ኢንስፔክተር ስህን ከባጃጅ ስትወርድ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ይዛ እየበላች ነበር። አጭር ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን ሩቅ ይሄዳል። ኮንስታብሉን ከጫማው ጀምራ አየችው።

«ልጅቷን ለምን አሰርካት?»

«በሩ ተቆልፎ ነበር እኮ። ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት።»

«ቤትህ ጓጉንቸር አለ?»

«አለ እንጂ።»

«ስትዘጋው በቁልፍ ነው?»

እንየው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ብቻውን ቀጭ አደረገ። ጓጉንቸር ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ ቁልፍ አይፈልግም፤ በሩ ላይ ክፍት ሆኖ የተንጠለጠለውን ማንም ገፋ አድርጎት መሄድ ይችላል።

«እንግዲህ ከተማው ሙሉ ተጠርጣሪ ነው» አለችና የዓሣውን አጥንት መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር ነው ያለው። የኮምፒውተሩ ጀርባ ወደ በሩ ነው፤ መስኮቷ ለፀሐዩ ተብሎ በካርቶን ተደፍናለች። ስክሪኑ እንደበራ ነው፤ መሀሉ ላይ በትልቁ «አምባሰል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። ስህን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቃሉን ተጫነችው። ትንሽ አዳመጠችና አወለቀችው፤ የሰማችውን ለማንም አልተናገረችም።

እትዬ ራዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መጣች።

«አላህ ይዘንላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ወላሂ። ገበያዬን ግን ገደሉት። በፍላሽ በነጻ እየወሰደ ማን ኮፒ ያስደርጋል?»

«ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ። ከዚያ ምሳ አብረን እንበላለን።»

«የዚያን ዕለት ምን ሰማሽ?»

«እኔ? ያ ማሽን ሲያጉረመርም የራሴን ሐሳብም አልሰማ። የመምህር እንዳለን ማጠናከሪያ እያባዛሁ ነበር፤ ይኸው።»

ስህን ወረቀቱን ተቀበለች። ከላይ «አዘጋጅ፦ መምህር እንዳለ፣ የኬሚስትሪው ሊቅ» ይላል። ሊቅ ነው እንግዲህ። መሀል ላይ ስለ አሲድና ስለ ቤዝ እያወራ መጥቶ መጥቶ፣ «ለመቀጠል እዚህ ይጫኑ» ይላል።

ስህን በጣቷ ተጫነችው። ወረቀቱ አልቀጠለም።

«ባለፈው አንዱ ተማሪ ብጫነው ብጫነው እምቢ አለኝ ብሎ ሌላ ኮፒ ጠየቀኝ» አለች ራዚያ፤ በለቅሶዋ መሀል ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

ሊቁ የነጻውን ትምህርት ከኔት ሙሉ ለሙሉ አንስቶ፣ ስሙን ለጥፎበት ነው የሚሸጠው። ሌባ እንኳን የሰረቀውን አንዴ ያየዋል፤ እሱ አላነበበውም።

መምህር እንዳለ በዚያ ሙቀት ሱፍና ከረባት አድርጎ መጣ። ሲናገር ኖት እያስጻፈ ይመስላል።

«ነጻ ትምህርት፣ ኢንስፔክተር፣ የሰነፍ መንገድ ነው። በዚህ ዓለም ላይ በነጻ የሚሰጥ ቡችላ ብቻ ነው።»

«እርስዎም ኬሚስትሪውን በድምፅዎ ቀድተው በነጻ ሰጥተው የለ?»

«ያኔ ጓደኛሞች ነበርን። የወጣትነት ነገር ነው።»

«አምና ነው አሉኝ።»

እንዳለ ከረባቱን አስተካከለ።

«የሞቱ ዕለት አግኝተዋቸዋል?»

«አላገኘሁትም። በደጁ ሳልፍ ግን ሰምቻለሁ፤ ልጅቷ ወደ መስጊድ ከሄደች በኋላ ነው። አምባሰል ከፍቶ እያዳመጠ ነበር። ማሲንቆው አንጀት ይበላል። ሰውዬው ደስ ብሎታል ብዬ ሳልገባ አለፍኩ። ያኔ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ የገባበት ካለ እንግዲህ…» አለና ፊቱን ኑርሀያት ወደታሰረችበት ጣቢያ መለሰ።

«እርግጠኛ ነዎት? አምባሰል ነው?»

«የወሎ ልጅ አምባሰልን ከባቲ ያምታታል እንዴ?»

«አያምታታም» አለች ስህን። «ከአፍዎ ልስማው ብዬ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ኑርሀያት ከጣቢያ መጣች፤ ቀሚሷ አቧራ ነው፣ መዳፏ ላይ ግን በእስክርቢቶ ፎርሙላ ጽፋበታለች። ታስራም እያጠናች ነበር ማለት ነው።

«አብሽሪ የኔ ልጅ» አለቻት ራዚያ። መምህር እንዳለ ሱፉ እንዳይቆሽሽ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ቆመ።

«በሩን የዘጋው ማንም ሊሆን ይችላል» አለች ስህን። «ኮንስታብል እንየው በእጁ ሞክሮታል።»

እንየው ጫማውን አየ።

«ራዚያ ቂም የምትይዝበት ምክንያት አላት። ግን ማሽኗ አሮጌ ነው፤ በየወረቀቱ በእጅ ካልገፉት አይሠራም። ከማዶ ያሉት ዓሣ ጠባሾች ‹ያን ቀን ከሰዓት ማሽኑ ለአፍታ አላረፈም፣ ራሳችንን አዞረን› ብለው እስካሁን ይራገማሉ። ኑርሀያት፣ ጋሽ አምሳሉ ‹እዚህ ይጫኑ› የሚለውን ወረቀት አይተውት ነበር?»

«አይተውታል። እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ተናደዱ፤ ‹እሱኑ ጠርቼ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ቅዳሜ የተማሪ ወላጆች ሲሰበሰቡ አነበዋለሁ› አሉ።»

«ይሄ አሉባልታ ነው» አለ እንዳለ። «ማስረጃ አይባልም።»

«ልክ ነዎት። ማስረጃውን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ኑርሀያት፣ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ምን ምን ሙዚቃ አለ?»

«ሙዚቃ? የለም። ሁሉም ትምህርት አለ፣ ሙዚቃ ብቻ ነው የሌለው። ጋሼ ‹እሱን ሰርግ ቤት ተማሩት› ነበር የሚሉት።»

ስህን ማዳመጫውን ነቅላ «አምባሰል» የሚለውን ተጫነችው። ማሲንቆ የለም። ሳል የሚያቆራርጠው ደረቅ ድምፅ መጣ፦ «የዛሬው ትምህርታችን ስለ አምባሰል ተራራ ነው። ገደሉ እንዴት ተፈጠረ፣ አፈሩስ ለምን ይሸረሸራል…» ኑርሀያት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ይህን የቀዱት የሞቱ ዕለት፣ ልጅቷ ከወጣች በኋላ ነው፤ ሰዓቱ ፋይሉ ላይ ተመዝግቧል። ከደጅ ሆኖ ስክሪኑን ማየት አይቻልም። ገዳዩ ሰውዬውን መትቶ ቀና ሲል ‹አምባሰል› የሚል ቃል ፊቱ ተደቀነ። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ምንድን ነው ይል ነበር። የወሎ ሰው ግን አምባሰል ሲባል ጆሮው ቀድሞ ማሲንቆ ይሰማል። ተራራው እዚያ ተገትሮ እያለ መምህር እንዳለ ዘፈኑን ብቻ አሰበ፤ ሰውዬው በሕይወት ነበር ለማለት ማሲንቆ ፈጠረልን።»

ስህን ወደ እንዳለ ዞረች።

«‹እዚህ ይጫኑ› የሚለውን ለሰው ይሸጣሉ» አለችው። «እርስዎ ግን አንድ ጊዜ እንኳን አይጫኑም። ያን ዕለት ተጭነውት ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ባዶ እጄን ደሴ እገባ ነበር።»

እንዳለ ከረባቱን ላላ አደረገ። «አዋርድሃለሁ አለኝ» አለ። «በእኔ ወረቀት፣ በገበሬ ፊት።»

«ያን ከረባት ያሰረልህ ገበሬው ነው» አለችው ራዚያ።

እንየው ካቴናውን አጠለቀለት። ካቴናውም እንደ ጓጉንቸሩ ያለ ቁልፍ ቀጭ አለ።

ኑርሀያት ወደ ቤቷ አልሄደችም። ወንበሩን ጠርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ኬሚስትሪ ነው የሚከብዳት፤ ኔት የለም፤ በአማርኛ የተተረከ ኬሚስትሪ ያለው ይኸው አንዱ ነው። ከፈተችው።

«ውድ ተማሪዎቼ፣ አትፍሩ። ኬሚስትሪ ቀላል ነው» አለ የመምህር እንዳለ ድምፅ።

ከሁሉ ያቃጠላት ደግሞ ግልጽ መሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ያልገባት አሲድና ቤዝ በዚያ ቀፋፊ ድምፅ እየገባት ነው። አቆመችው። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ሄዶ ቀረ።

«ላጥፋው?» አለች፣ በሩ ላይ ለቆመችው ስህን።

«እኔ ሰው እንጂ ድምፅ አላስርም» አለችና ስህን ወደ ባጃጇ ሄደች።

ኑርሀያት አሁንም ጣቷ እዚያው ነው። አንድ ወገን ጋሽ አምሳሉ፣ አንድ ወገን ሰኞ። እናንተ ብትሆኑስ? ታጠፉታላችሁ፣ ወይስ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ታዳምጡታላችሁ?