የአብዱልሃፊዝ ሦስት ሚሊዮን

የባጃጁ ሹፌር ሃፊዛ የዘረጋችለትን ብር አልቀበልም አለ።

«ያዢው አቦ! ከሚሊየነር እህት ሂሳብ ተቀበለ እንድባል ነው?»

ሃፊዛ ፊቷ ቢግልም ደስ አላት። ብሩን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ወረደች። ከሰኞ ጀምሮ ቡታጅራ ውስጥ ኑሮዋ እንዲህ ሆኗል። ድሮ ሰላም የማይሏት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ወንበር ይይዙላታል። የስፖርት አስተማሪው እንኳን በእረፍት ሰዓት ጠርቶ «ለመሆኑ መቼ ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠይቋታል። እሷም ብዙ እንደሚያውቅ ሰው ትከሻዋን ሰብቃ «እሱን እኔ አልናገርም» ብላለች።

ይሄዳል የተባለው ታላቅ ወንድሟ አብዱልሃፊዝ ነው፤ የዘቢዳር ክለብ አጥቂ። ዘቢዳር ዘንድሮ ከአንደኛ ሊግ ወደ ከፍተኛ ሊግ ሲያድግ፣ ግማሹን ጎል ያገባው እሱ ነው። ባለፈው እሁድ ማታ ታዲያ በቴሌግራም እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ሰበር ዜና! አብዱልሃፊዝ ስሙ ለጊዜው ወዳልተገለጸ ታላቅ ክለብ በሦስት ሚሊዮን ብር ተዘዋወረ!»

ዜናውን የጻፈችው የሃፊዛ የልብ ጓደኛ ቤተልሔም ናት። ስለ ከተማው ኳስ የምትጽፍበት ቻናል አላት። የዚያን ዕለት ከሰዓት ሃፊዛ «ትናንት ከወልቂጤ በነጭ ፒካፕ የመጣ ሰውዬ ቤታችን ዋለ። ከአብዱ ጋር ስለ ኳስ ሲያወሩ ነበር» ብላት ነበር። እውነቷን ነው። ያልነገረቻት ሰውዬው የእናቷን በርበሬ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ መሆኑን ነው። ቤተልሔም ዓይኗን አፍጥጣ «ሊያስፈርመው ነው እንዴ?» ስትላት፣ ሃፊዛ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ማታ ዜናውን ስታነብ ደነገጠች። ቀጥሎ ሳቀች። በማግስቱ ደግሞ ጣማት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ባሂራ ግቢው ውስጥ የተሰጣውን በርበሬ እየለቀመች ብቻዋን ታጉረመርማለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ፣ እማ?»

«ሰዉ አብዷል ወላሂ! ‹አንቺ ምን ጎደለሽ፣ ቀንሺልን› እያሉ በርበሬዬን በነፃ ሊወስዱት ምንም አልቀራቸው። ከአገና የአባትሽ አጎት ደውሎ፣ አብዱ ለልጁ ሰርግ ምን እንዳሰበ ጠየቀኝ። እኔ ልጄ ተሸጠ የሚባለውን ከገበያ ነው የሰማሁት!»

ሃፊዛ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ በርበሬ መልቀም ጀመረች።

አብዱልሃፊዝ ከልምምድ የተመለሰው ከወትሮው ቀደም ብሎ ነው። ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠርቶ ‹ሳትነግረን ልትሄድ ነው?› አለኝ። የትም አልፈረምኩም አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም።»

«ወሬ ነው፤ ይረሳል» አለች ሃፊዛ ቀና ሳትል።

«እስኪረሳ ማን ይጠብቀናል? ዛሬ ነጋዴዎቹ ለክለቡ ቃል የገቡትን መዋጮ ሊሰበስቡ የወጡት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ‹ሦስት ሚሊዮን ገብቶላችሁ ከእኛ ምን ትፈልጋላችሁ?› ተባሉ።»

ሃፊዛ ግራ ገባት። «ክለቡ አድጎ የለ እንዴ? ያደገ ክለብ ብር የለውም?»

«ስላደገ እኮ ነው ብር ያጣው!» አብዱልሃፊዝ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም። «ታች እያለን የምንጫወተው እዚሁ አካባቢ ነው። ጠዋት ሄደን ማታ ቤታችን እንገባለን። አሁን ሩቅ ከተማ ሆቴል ይዘን ሳምንታት እንቀመጣለን። አልጋው፣ ምግቡ፣ መኪናው፣ የምዝገባው ክፍያ... እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ዘቢዳር አንዴ አድጎ ነበር። በዓመቱ ወረደ። ኳስ ስላልቻሉ መሰለሽ? ደሞዝ ሲቋረጥ ግማሹ ቡድን ጥሎ ሄዶ ነው።»

«አሁንስ?»

«እስከ ሐሙስ ካልተመዘገብን ቦታችን ለሌላ ይሰጣል። እኔ እንኳን ክለብ አላጣም። ከመስቃን ገጠር በእግራቸው እየመጡ የሚለማመዱት ልጆች ግን የት ይገባሉ?»

ሃፊዛ አንዱን በርበሬ ይዛ ብዙ አገላበጠችው። እዚያው ልትነግረው አስባ ነበር። አፏ አልታዘዝ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተልሔም ዘንድ ሄደች። ቤተልሔም የአባቷ ብየዳ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

«ሃፊ! ሁለት ሺህ ተከታይ ገባሁ! አዲስ ነገር አለ? መቼ ነው የሚሄደው?»

«የትም አይሄድም። ሰውዬው የበርበሬ ነጋዴ ነው፣ ቤቲ።»

ቤተልሔም መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ቀልድ አለመሆኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«ሰው መጣ አልኩሽ እንጂ ፈረመ አላልኩም። ሦስት ሚሊዮኑንስ ከየት አመጣሽው?»

«ሁለት ሚሊዮን ትንሽ መስሎኝ ነዋ! አንቺስ? ስጠይቅሽ ፈገግ አልሽ! ሳምንቱን ሙሉ ከአንቺ ጋር ስውል አንዴም ‹ውሸት ነው› አላልሽኝም!»

ቤተልሔም ትክክል ናት። «እሺ፣ እኔም አለሁበት» አለች ሃፊዛ። «ግን መዋጮው ቆሟል። እስከ ሐሙስ ካልሞላ ክለቡ እዚያው አንደኛ ሊግ ይቀራል።»

ቤተልሔም ስልኳን ተመለከተች። «ላጥፋው በቃ። ማንም ሳያይ ላጥፋው።»

«ያነበበው ሁሉ አንብቦታል። ብታጠፊው ‹እውነቱን ሊደብቁ ነው› ነው የሚሉት። ‹ተሳስቼ ነው› ብለሽ ጻፊ።»

«ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል? ሼም እኮ ነው!»

ሃፊዛ ልትለምናት አሰበችና ተወችው። «እኔ ጋሽ ገሠሠ ጋ እየሄድኩ ነው» ብላ ተነሳች።

ጋሽ ገሠሠ የደጋፊዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ። ሃፊዛ ስትገባ ለአንድ ደንበኛ ሚስማር እየመዘኑ ነበር። ደንበኛው እስኪወጣ ከቀለም ጣሳዎቹ አጠገብ ቆመች። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፦ ፒካፑን፣ በርበሬውን፣ ዝምታዋን።

«ማነው ታዲያ ቴሌግራም ላይ የጻፈው?» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

ሃፊዛ የቤተልሔምን ስም መጥራት አልፈለገችም። «ወሬው የወጣው ከእኔ ነው» አለች።

«የጻፍኩትስ እኔ ነኝ» አለ ድምፅ ከበሩ በኩል። ቤተልሔም ነበረች፤ እየሮጠች መጥታ ታለከልካለች። ስልኳን ዘርግታ አሳየቻቸው። «አሁን ደግሞ ይሄን ጽፌያለሁ። ‹የአብዱልሃፊዝ ዝውውር ሐሰት ነው። ሳላጣራ ነው የጻፍኩት። ይቅርታ። ክለቡ ብር አላገኘም።› ከለጠፍኩት አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ሰው ከቻናሉ እየወጣ ነው።»

ጋሽ ገሠሠ አነበቡና ስልኩን መለሱላት። ሁለቱም ቁጣ ጠበቁ።

«ወሬውን የሰማሁ ቀን ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «‹እፎይ፣ የመዋጮው ሸክም ከእኔ ወረደ› ነው ያልኩት። ስልክ አንስቼ አብዱልሃፊዝን መጠየቅ አቅቶኝ አይደለም። እንዲህ እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው ያመንኩት።» መሳቢያቸውን ዘጉ። «እኔ ቃሌን እሞላለሁ። ሌላው ነጋዴ ግን ቴሌግራም አያይም፤ ወሬውን የሰማው ከሰው አፍ ነው። እናንተም ሄዳችሁ በአፋችሁ ንገሩት።»

ሁለቱ ልጆች ከመናኸሪያው ጀምረው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። የመጀመሪያው ከባድ ነበር። ሃፊዛ ጀምራ ስትደናቀፍ ቤተልሔም ጨረሰችላት። ሰፍያ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ «በእናንተ ወሬ ለስንቱ አወራሁ! አሁን እኔን ውሸታም አደረጋችሁኝ» ብላ ቆጣቻቸው፤ ቆይታ ግን ውሃ ሰጠቻቸው። አንዱ ወፍጮ ቤት «አንሰጥም» አለ። አንዱ ሽማግሌ በሳቅ ፈርሶ «እኔ እኮ አብዱልሃፊዝ ቤት ሊሠራ ነው ብዬ ከጎረቤቴ ያለውን ቦታ ላሻሽጠው ነበር» አላቸው። አብዛኞቹ «እንግዲያው ሰብሳቢዎቹ ይምጡ» አሉ።

ከሰዓት ላይ አስፋልቱን ሲያቋርጡ አብዱልሃፊዝ ከፊታቸው ቆመ። ትጥቁን በፌስታል ይዟል።

«ሱቁ ሁሉ ስለእናንተ ነው የሚያወራው» አለ።

«ማታ ልነግርህ ነበር...» አለች ሃፊዛ። «አይ፣ ትናንት ነበር መንገር የነበረብኝ። አብዱ፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

አብዱልሃፊዝ መሬት መሬቱን አየ። የተከፋ ይመስል ነበር፤ ተከፍቶም ነበር። «አሰልጣኙ አንድ ሳምንት ሙሉ በጥርጣሬ ሲያየኝ ከረመ፣ ሃፊ» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱ ጋም እንሄዳለን።»

«ትሄጃለሽ። ዛሬውኑ።» ከዚያ ወደ ቤተልሔም ዞረ። «አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሦስት ሚሊዮን ብቻ? ግማሹን ጎል እኮ እኔ ነኝ ያገባሁት!»

ቤተልሔም መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሦስቱም መንገድ ዳር ቆመው ሳቁ።

መዋጮው ረቡዕ ሞላ። ወፍጮ ቤቱም በመጨረሻ ላከ። ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ገሠሠ ከሱቃቸው በር ላይ «ተመዝግበናል!» ብለው ሲጮሁ ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ከተማውን ዞሩ። የቤተልሔም ቻናል ወደ ስድስት መቶ ተከታይ ወርዶ ነበር፤ ምዝገባውን ግን ከሁሉ ቀድማ የጻፈችው እሷ ናት፤ ከመጻፏ በፊትም ለጋሽ ገሠሠ ደውላ ጠይቃቸዋለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቡድኑ ለመጀመሪያው ዙር ጨዋታ ተጓዘ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። በየገበያው ቀን የበርበሬውን ጆንያ ከቤት እስከ መንገድ የሚሸከመው አብዱልሃፊዝ ነው። ሃፊዛ ከተኛችበት በመስኮት ስታይ፣ እናቷ ጆንያው አጠገብ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

«ተኚ አንቺ» አለቻት ባሂራ፣ ዓይኗ መግለጧን አይታ። «ጋሪ እፈልጋለሁ።»

ትምህርት የለም። ብርድ ልብሱ ይሞቃል። ሃፊዛ ትንሽ አሰበችና ጫማዋን አጠለቀች። ወጥታ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች።

«በዚያ በኩል ያዢልኝ፣ እማ» አለች።